ግማሽ ሜትር

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ገና ሳይገለጥ ፊቱ፣
ሆጤ ሜዳ ቆሜያለሁ፣ ባልዲ ኖራ ይዤ በሌሊቱ።
አንድ ጥቅል ገመድ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ካስማ፣
አንድ ያረጀ ኮት፣ ጤዛ የጠጣ ጫማ፤
ይኸው ነው መሣሪያዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ዝናብ ያጥበዋል መስመሬን፣ እኔም እመልሳለሁ በውሉ።

ዘንድሮ ግን እንግዳ አለን፤ ብሔራዊ ቡድኑ
ደጋ አየር ሊለምድ መጣ፣ የዋንጫው ሲቃረብ ቀኑ።
ሃያ ስድስት ተጫዋች፣ ኳስ በጆንያ፣ ሐኪም፣ ወጌሻ፤
ከሜዳዬ ላሞች ወጡ፣ ከኋላቸው የቀበሌው ውሻ።
ሕዝቡ ከሰኞ ገበያ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ከአራዳ
አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሽንብራውን ይዞ ዳር ሜዳ፤
«ያ ማነው? ያኛውስ?» ይላል፣ ጉም ውስጥ ቁጥር እየፈለገ፤
አንዱን ግን እኔ ለየሁት፣ ትከሻውን ዘንበል ያደረገ።

እንድሪስ ነው፤ ያራጋው፤ የሳላይሽ ልጅ፣
ያኔ የገመዴን ጫፍ የሚይዝ በትንሽ እጅ።
«ወጥር!» ስለው የሚወጥር፣ «አላላ!» ስለው የሚያላላ፣
ደሞዙን በምት የሚቀበል፣ መስመሩ ሲደርቅ ኋላ፦
አምስት ኳስ ከፍጹም ቅጣት ነጥብ፣ እኔ በረኛ፣
ስወድቅ ስነሣ፣ የልጅ መጫወቻ፣ የጭቃ ቁራኛ።
አምስቱም ይገቡ ነበር።
ሁልጊዜ።

በመጡ ቀን፣ አንድ ረዳት አሠልጣኝ፣ ሜትር ወጥሮ፣
ከግቡ እስከ ነጥቤ ለካ፤ ደግሞ ለካ፣ ፊቱን ቋጥሮ።
«አባቴ፣ ይቺ ነጥብ ግማሽ ሜትር ታንሳለች» አለኝ።
በእርምጃ ነበር የምለካው፤ ሠላሳ ዓመት ማን ጠየቀኝ?
አሥራ አንድ እርምጃ። ጉልበቴ ሲያረጅ፣
እርምጃዬም አብሮ አጥሯል፣ ሳላውቀው በደጅ።
አሮጌዋን ነጥብ በአፈር ሸፈንኩ፣ አዲሷን አተምኩ፣
ምንም አልመሰለኝም፤ ባልዲዬን አንሥቼ ሄድኩ።

በሃያኛው ቀን፣ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ሲገጥም፣
ፍጹም ቅጣት ሆነ። እንድሪስ ኳሷን ያዘ፤ አላንገራገረም።
አየሁት፦ አራት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዘንበል ያለ ትከሻ፣
ያው የልጅነቱ አነሣስ፣ ያው የልጅነቱ መድረሻ፤
ኳሷ ተነሣች፣ ተነሣች፣
አግዳሚውን መታች።
ድምፁ ከጦሳ ገደል ደርሶ ተመለሰ፣
አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ ባንድ አፍ ተነፈሰ።
እኔ ብቻ የማውቃት ግማሽ ሜትር
ጉሮሮዬ ላይ ቆመች።

ማግሥቱን ጧት፣ ጉም ሜዳውን ውጦት፣
ዋናው አሠልጣኝ ከመሐል ክቡ ስም ጠራ ከወረቀት።
ፊት አይታይም። «አቤት!» ብቻ ነው፣ ከዚህም ከዚያም፤
ሃያ ሦስት «አቤት» ቆጠርኩ። የእንድሪስን አልሰማሁም።
ወረቀቱ ታጠፈ። አንድ ሰው አስነጠሰ።

አውቶብሱ ሐረጎን ሊወርድ፣ ወደ ኮምቦልቻ ማረፊያ፣
ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ፤ ልጆች ሸኙት እስከ መታጠፊያ።
ላሞቹ ተመለሱ።
እሱም መጣ፤ ቦርሳውን ከማእዘኑ እንጨት ሥር ጣለ።
«ልጄ» አልኩት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነጥቧ ቀርባ ነበር፤
ያኔ ሁሉ የገባልህ በኔ እርምጃ ማጠር...»
ሣር ነጨ። ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርሰው ተወው።
«ጋሼ ይመር፣ አውቅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ
ለካኋት፣ በራስዎ ገመድ። ሲገቡ ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ።
ከዚያ ወዲህ ስንት ሜዳ መታሁ!
ትናንት የሳትኩት ፈርቼ ነው። ነጥቧን ይተዋት።»

እውነቱን ይሁን፣ ለኔ አዝኖ፣
እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ተነሣና የገመዱን ጫፍ ያዘ። እየራቀ ሄደ፤
ጉሙ መሐላችን ገባ። ልጁ አይታየኝም፣
ገመዱ ብቻ።
«ወጥር!» አልኩ።
ወጠረ።